የመማሪያ ክፍልና የምርምር ጠረጴዛ፦ ስለ ፕሮፌሰር አብዱላህ አል ጠይብ ሥራ የቀረበ ሂስ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች የመምህራን ክበብ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። ይኸውም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲያስተምር የሚውል መምህር ምርምር አይሠራም፤ ምርምር የሚሠራም መምህር ክፍል ውስጥ አይገኝም የሚል ነው። አባባሉ እንዲያው የሻይ ሰዓት ቀልድ ቢመስልም ቀልድ ብቻ አይደለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ ዕድገት በይበልጥ የሚመዘነው ታትሞ በወጣ ጽሑፍ በመሆኑ፣ መምህሩ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ከመጀመሪያው ዓመት ክፍል እየራቀ ይሄዳል። ክፍሉም ገና ትናንት ለተመረቀው ረዳት ይተዋል። በዚያ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ተማሪ ማን እንደሆነ ደግሞ እኛ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ጠንቅቀን እናውቃለን፤ ከእኛው እጅ የወጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጓዳ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም።

ለመሆኑ አባባሉ እውነት ነውን? በደፈናው ከመከራከር ይልቅ የአንድን ሰው ሥራ ገልጦ ማየት ይሻላል ብለን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን፣ ወደ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመልክተናል። ሰውዬው የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር አብዱላህ አል ጠይብ ናቸው። የመረጥናቸውም በዝናቸው ብቻ አይደለም። ከመለስተኛ ትምህርት ቤት መምህርነት አንስተው በመምህራን ማሠልጠኛ በኩል አልፈው እስከ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የደረሱ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜም ብዕራቸውን ያላስቀመጡ ሰው በመሆናቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1924 ከተቋቋመው የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋህዶ በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ፤ አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በኮሌጅነቱ ዘመን ትምህርቱም ፈተናውም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ነበር። እንግዲህ የመምህሩን ችግር መገመት አያዳግትም። ተማሪው ስለ እንግሊዝ ታሪክ ቢጠይቅ መደርደሪያው በመጽሐፍ የተሞላ ነው። ስለ ገዛ ወንዙ፣ ስለ ገዛ ቋንቋው፣ ስለ አያቶቹ ወግ ቢጠይቅ ግን መምህሩ የሚያሳየው ነገር እምብዛም አልነበረም። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስተምር ሰው ወደ ምርምር የሚገባው ለማዕረግ ሲል ብቻ አይደለም፤ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚለው ነገር ስለሚያጣ ነው።

አብዱላህ አል ጠይብ በ1921 የተወለዱት በአድ ዳመር አካባቢ ነው። አድ ዳመር የእኛው ተከዜ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ከዓባይ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ አጠገብ የምትገኝ፣ በሃይማኖት ትምህርት የታወቀች ከተማ ናት። ቤተሰባቸውም የመምህራን ቤተሰብ ነበር። በጎርደን ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ ከዚያም ወደ ለንደን ተሻግረው ስለ ጥንቱ ባለቅኔ ስለ አቡል ዓላ አል መዓሪ ባቀረቡት ጥናት በ1950 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ዶክተር ሆነው ሲመለሱ የገቡት በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሳይሆን በኽት አር ሩዳ ወደተባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። በዚያም የዐረብኛ ትምህርት ክፍልን መርተዋል።

በኽት አር ሩዳን የማያውቁ አንባብያን ይኖራሉና ቆም ብለን እናስተዋውቀው። በነጭ ዓባይ ዳር፣ በአድ ዱዌም ከተማ አጠገብ በ1934 የተመሠረተ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ግሪፊትስ የተባሉ እንግሊዛዊ ነበሩ። ተቋሙ የሚታወቅበት ዋና ነገር የመማሪያ መጽሐፍን ከሌላ አገር ገልብጦ ከማሰራጨት ይልቅ ራሱ አዘጋጅቶ፣ በአጠገቡ ባሉት ትምህርት ቤቶች በልጆች ላይ ሞክሮ፣ ጉድለቱን አርሞ ወደ አገር የሚያወጣ መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር እዚያ መማሪያ ክፍሉ ራሱ የምርምር ጣቢያ ነበር። ይህን ሥራ ማንም «ምርምር» ብሎ ማዕረግ አልሰጠበትም፤ ነገር ግን ጥያቄ ማንሳት፣ መሞከር፣ መመዝገብና ማረም ካልሆነ ምርምር ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል እኛ አናውቅም።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ እንምጣ። በአጭሩ «አል ሙርሺድ» የሚባለው የፕሮፌሰሩ ትልቅ ሥራ ሙሉ ስሙ ሲተረጎም የዐረቦችን ግጥምና አሠራሩን ለመረዳት የሚያገለግል መሪ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1955 ሲሆን መቅድሙን የጻፉለት ስመ ጥሩው ግብፃዊ ደራሲና ሊቅ ጠሃ ሑሴን ናቸው። ለሱዳናዊ ወጣት ምሁር በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ክብር አልነበረም። መጽሐፉ ስለ ግጥም ምጣኔና ቤት አመታት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ስለ ቃላት ድምፅና ቃና፣ ከዚያ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገርና ሥዕላዊ አገላለጽ፣ በመጨረሻም ስለ ግጥሙ ዓላማና አወቃቀር ይናገራል።

መጽሐፉን የጻፈው መምህር መሆኑን ለማወቅ ስሙን ማንበብ ብቻ ይበቃል። «መሪ» ነው የሚለው፤ መንገዱን ለማያውቅ ሰው የተዘጋጀ ነው። አንድ ነጥብ ሲያነሳ በአንድ ምሳሌ አይበቃውም፤ ሦስት አራት ግጥም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድራል። ከዋናው ጉዳይ ወጣ ብሎ ወግ ያወጋል፤ ተመልሶም ይቀጥላል። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተማሪ ገብቶት እንደሆነ የሚመለከት ሰው አጻጻፍ ነው። ለምሁራን ብቻ የተጻፉ ጥናቶች ይህን አያደርጉም፤ አንባቢያቸው አስቀድሞ እንደሚያውቅ ቆጥረው ያልፋሉ። የ«አል ሙርሺድ» ዋጋ ከዚህ ይመነጫል ብንል አንሳሳትም። ጥልቅ ዕውቀት አለው፤ ግን ዕውቀቱ ለጀማሪ የሚነገር ሆኖ ስለተዘጋጀ ራሱ ደራሲው ብዙ ሰው እንደዘበት የሚያልፋቸውን ነገሮች እንዲጠይቅ አስገድዶታል። ይህ ምጣኔ ለምን ከዚያ ይለያል? ይህ ድምፅ ለምን ያሳዝናል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንድ ሊቅ ሌላውን ሊቅ ለመጠየቅ ያፍር ይሆናል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን አያፍርም።

በእኛም አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ሥርዓታችንን ያስታውሷል። የቅኔ መምህር ትናንት ያሰማውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ አያቀርብም፤ ተማሪውም የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ነውር ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው በየቀኑ አዲስ እየቆጠረ፣ የእነሱንም አዲስ ሥራ እየሰማና እያረመ ነው። በዚያ ጉባኤ ማስተማርና አዲስ ነገር ማፍለቅ ለሁለት ሰዎች የተከፈለ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ አገር በዩኒቨርሲቲው ሁለቱን ለያይቶ ማየቱ ይገርመናል።

ነገር ግን ሂስ እስካልን ድረስ ማመስገን ብቻ አይበቃም። «አል ሙርሺድ» የመማሪያ ክፍልን በጎ ነገር እንደያዘ ሁሉ ጉድለቱንም ይዟል። ዐረቦች የግጥምን ምጣኔ «ባሕር» ይሉታል፤ በተለምዶ የሚቆጠሩት አሥራ ስድስት ናቸው። ፕሮፌሰሩ ባሕሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው፣ ለዚህ ስሜት ይስማማል፣ ለዚያ አይስማማም ይላሉ። «ጠዊል» እና «በሲጥ» የሚባሉትን ረዣዥም ባሕሮች ከሁሉ በላይ ባለ ግርማ ያደርጓቸዋል፤ ከአጫጭሮቹ አንዳንዱን ደግሞ ከዘፈንና ከጨዋታ የማያልፍ ነው ብለው ዝቅ ያደርጉታል። ሐሳቡ ይማርካል። ጆሯቸውም የሚታመን ጆሮ ነው። ሆኖም ማስረጃው የት አለ? በጥንታዊዎቹ ታላላቅ ግጥሞች ውስጥ የኢምሩል ቀይስ ስለ ፍቅር፣ ስለ ፈረስና ስለ ዝናብ የሚናገረው ግጥም በጠዊል ተሠርቷል፤ የዙሀይር ስለ ዕርቅና ስለ ሰላም የሚናገረው ግጥምም በዚያው በጠዊል ተሠርቷል። አንድ ባሕር የጎረምሳ ትዝታንም የሽማግሌ ምክርንም የሚሸከም ከሆነ ጠባዩ ምኑ ላይ ነው? የእኛም ቅኔ ይህን ጥያቄ ያጠነክርብናል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ልክ ግን ምስጋናም፣ ሐዘንም፣ ሽሙጥም ሲገባ እንሰማለን።

ፕሮፌሰሩ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በቂ መልስ ሳይሰጡ የሚያልፉት ለምን ይመስለናል? ክፍል ውስጥ የመምህር ቃል ክርክር አያስነሳም። መምህሩ ይህ ባሕር ያሳዝናል ካለ ተማሪው በደብተሩ ይጽፋል፤ በፈተናም መልሶ ይሰጠዋል። ዓመታት ሲያልፉ የመምህሩ ስሜት የተረጋገጠ ዕውቀት መስሎ መታየት ይጀምራል። ይህ አደጋ ለሳቸው ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ጠመኔ የያዝን ሁሉ በየዕለቱ የምንጋለጥበት ነው። መፍትሔው ግን ከክፍል መሸሽ አይደለም። እኩዮች ተሰብስበው የሚከራከሩበት መድረክና የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ነገሩ ይታረማል። እዚህ ላይ ምርምር ለማስተማር የሚያበረክተው ነገር በግልጽ ይታያል፤ የምርምር ልማድ ያለው መምህር ማስረጃህ የት አለ ሲባል አይቆጣም።

አሁን ደግሞ ጊዜን እንመልከት፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ማስተማር የምርምርን ጊዜ ይሻማል የሚለው ክስ ዋናው ክስ ነው። በ1955 «አል ሙርሺድ» ሲወጣ ፕሮፌሰሩ የማስተማር ሸክማቸው የበዛበት ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ» በተባለው፣ ከ1918 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይታተም በነበረው መጽሔት፣ በዓባይ ዳር ስለሚኖሩ ሱዳናውያን እየተለወጠ ስለሚሄድ ልማድ የጻፉትን ጥናት ማውጣት ጀመሩ። ስለ ልደት፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ሐዘን ወግ የሚናገር፣ ሳይጠፋ ይመዝገብ ተብሎ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በ1956 ወጣ። ሦስተኛው የወጣው ግን በ1964 ነው፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ። በዚህ መካከል ምን ሆነ? በ1956 ፕሮፌሰር ሆነዋል፤ በ1961 ደግሞ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ዲን ተደርገዋል። በዲንነቱ እስከ 1974 ቆይተዋል። የ«አል ሙርሺድ» ሦስተኛ ክፍል ከመጀመሪያው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ወጣ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። በዚህ መሐል ናይጄሪያ ውስጥ በካኖ ከተማ የአብዱላሂ ባዬሮ ኮሌጅን ሲያደራጁ፣ የካርቱምን ዩኒቨርሲቲ በምክትል ቻንስለርነት ሲመሩ፣ አዲሱን የጁባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩ፣ በኋላም በሞሮኮ በፌዝ ሲያስተምሩ እናያቸዋለን።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ጊዜያቸውን የወሰደው ተማሪው አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ስብሰባው፣ ማኅተሙ፣ በጀቱ፣ የቅጥር ማመልከቻው ነው። በእርግጥ ተቋም ያለ አደራጅ አይቆምም፤ ካኖም ሆነ ጁባ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ግን ሒሳቡ ሲሠራ ዕዳውን በመጀመሪያ ዓመት ክፍል ስም መጻፍ ፍትሕ አይደለም። በአገራችንም ጎበዝ መምህር በታየ ቁጥር የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎ ዲን፣ ቀጥሎ የኮሚቴዎች ሁሉ አባል ይደረጋል። ይህም ሽልማት ይባላል!

ከመጽሐፍ ውጭ ያለውን ሥራቸውን ሳናነሳ ብናልፍ ሥዕሉ ይጎድላል። የሱዳንን ተረቶች ሰብስበው ለወጣቶች በሚመች አጻጻፍ አሳትመዋል። በኦምዱርማን ሬዲዮም ለብዙ ዓመታት የቁርዓንን ትርጓሜ በተራው የሱዳን ሕዝብ መነጋገሪያ ዐረብኛ ሲያስረዱ ኖረዋል። ከፍተኛ የቋንቋ ሊቅ ሆኖ በገበያ ቋንቋ መናገርን ዝቅ ብሎ የሚያይ ምሁር በየአገሩ አይጠፋም፤ እሳቸው ግን እንደ አንድ ትልቅ ክፍል ቆጠሩት። በ2000 የንጉሥ ፋይሰል ሽልማትን በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ሲያገኙ ሱዳናውያን የተደሰቱት «አል ሙርሺድ»ን ያነበቡት ብቻ አልነበሩም፤ ድምፃቸውን በሬዲዮ የሚያውቀውም ነው። በ2003 አረፉ።

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሸክሙን ለማውረድ ሌላም መንገድ ሞክሯል። በ1964 የሱዳን ጥናት ክፍል የሚባል አቋቋመ፤ በ1972 ይኸው ክፍል የአፍሪካና የእስያ ጥናት ተቋም ሆነ። በመሪነት የሚታወቁት «ዐረቦችና ሱዳን» የተባለውን መጽሐፍ በ1967 ያሳተሙት የታሪክ ምሁር ዩሱፍ ፈድል ሐሰን ናቸው። ተቋሙ የቃል ታሪክና ተረት በማሰባሰብ ትልቅ ውለታ ሠርቷል። ግን ተቋሙ የሚያስተምረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያሉትን ነው። ምርምሩ የራሱ ቤት አገኘ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው በዚያ ቤት በር አላለፈም። እንዲህ ያለው ጥቅም ከነጉዳቱ መታየት ይኖርበታል።

በአዲስ አበባ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም ተመሳሳይ ነገር ይሆን ዘንድ ይችል ነበር። ነገር ግን በዚያው ግቢ ሌላ ልማድ ቀድሞ ሥር ሰዶ ነበር። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው አማካይነት ስለ የትውልድ አገራቸው ወግ እየጻፉ መጽሔት ያወጡ ነበር። በኋላም የታሪክ ትምህርት ክፍል ተመራቂ ተማሪ ሁሉ አንድ የጥናት ጽሑፍ እንዲያቀርብ አደረገ። ተማሪው ወደ ወረዳው ይመለሳል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ የቆየ ደብዳቤ ይገለብጣል፤ መምህሩ ያርማል። የዚህን ፍሬ ማየት የሚሻ በ1991 የወጣውን የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ይመልከት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ከተዘረዘሩት ምንጮች መካከል እነዚሁ የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፎች ይገኛሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን አስተማረ፤ ተማሪዎቹም መምህሩን መገቡ። የተማሪ ጽሑፍ ስሕተት አይጠፋውም፤ አንዳንዱም በችኮላ የተጻፈ ነው። ይሁንና ስለ አንድ አነስተኛ ከተማ ወይም ስለ አንድ የገበያ መንገድ ያ ወረቀት ብቸኛው ጽሑፍ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በካርቱም የሕክምና ሰዎችም ዘንድ ተመሳሳይ ልማድ ነበር። ማይሴቶማ የሚባል፣ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬና እረኛ በእሾህ ውጊያ በኩል የሚይዝ፣ እግርን የሚያበላሽ በሽታ አለ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሃል የዚህን በሽታ የምርምር ማዕከል በ1991 ያቋቋሙት በሶባ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ፣ ማለትም የሕክምና ተማሪዎች በሚማሩበት ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ የመደበው በ2016 ነበር።

ይህን ሁሉ በኀላፊ ጊዜ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በከተማዋ መካከል የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በውጊያው ቀጠና ውስጥ ወደቀ፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ በየአገሩ ተበተኑ፤ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን በኢንተርኔት ለመቀጠል ተገደዱ። በሜይ 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ በሱዳን የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ በመሐመድ ዑመር በሺር ስም የተሰየመው የጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የማይሴቶማው ማዕከልም ለብዙ ዓመታት ካከማቸው ናሙናና መዝገብ ጋር ወደመ።

የታተመ መጽሐፍ በሌላ አገር መደርደሪያ ላይ ይተርፋል፤ «አል ሙርሺድ»ም በካይሮና በቤይሩት ይገኛል። በአንድ ወይም በሁለት ቅጂ ብቻ የተቀመጠ የተማሪ ጽሑፍ ግን ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው። የእኛዎቹም ብዙዎቹ በታይፕ የተመቱ፣ ወረቀታቸው እየገረጣ የሄደ ናቸው። በመላ አገሪቱ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከሚያስተምሩት መካከል በዚያ መንገድ ያለፉ፣ የራሳቸውን ጽሑፍ የካርቦን ቅጂ በሣጥናቸው የያዙ መምህራን ይኖራሉ። ቅጂውን አውጥተው ቢቻል ለትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት አንድ ግልባጭ ቢሰጡ፣ ጽሑፉ ስለዚያው አካባቢ ከሆነም ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ቢያነቡላቸውና የጎደለውን ከየቤተሰባቸው ሽማግሌ ጠይቀው እንዲያመጡ ቢያዟቸው፣ ሥራው ከሚቀጥለው ሴሚስተር ሊጀመር ይችላል።